ለትርሲት የጸለይንባቸው ዓርቦች

ሰው ምን እንደበላ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ ምን እንደሚያነብ ሲጠየቅ ግን ይዋሻል። የትናንት ሽሮ አሙቆ መብላቱን ለመናገር የሚያፍር የአገሬ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መጽሐፍ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ድንገት ቁም ነገረኛ ይሆናል። አንዱ “ጊዜ ሳገኝ ታሪክ ነክ ነገር ነው የማየው” ይላል፤ ሌላው “ስለ አመራር የተጻፈ ካልሆነ አይዘልቀኝም” ይላል። ማንን እንደሚመራ አልጠየቅኩትም። ሰዉ ሁሉ እንደሚለው ከሆነ፣ እነዚያ እየታተሙ የሚያልቁት የፍቅር ልብ ወለዶች የሚጻፉት ለማን ነው? ለእኔ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ለእኔ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ስጠየቅ “መንፈሳዊ መጻሕፍት አነባለሁ” እያልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ ስኖር፣ ሰዉ ከትሕትና ቆጥሮልኛል። እናንተን ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛልና እነሆ ልናገረው። እኔ ልብ ወለድ አነባለሁ። አልፎ አልፎ አይደለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አዘጋጅቼ፣ ቀጣዩ ከሌለ እየተነጫነጭኩ ነው የማነበው።

“ይሄም ምስጢር ሆኖ?” ትሉ ይሆናል። እንዲህ የምትሉት እማማ አስካለን ስለማታውቋቸው ነው። እማማ አስካለ የዓርብ ኅብረታችን የጸሎት እናት ናቸው። ኅብረቱ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርታማ፣ በወንድም ተስፋዬ ቤት ይካሄዳል። እሳቸው ሲጸልዩ ሕፃናት እንኳ ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ስለ ንባብ ወሬ ተነሥቶ እንዲህ አሉ፤ ያልተደረገን ነገር እንደተደረገ አድርጎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ማንበብ ደግሞ ሦስት መቶ ጊዜ ዋሽቶ አንድ ጊዜ እንኳ ንስሐ አለመግባት ነው። ሁሉም “እውነት ነው” አለ። እኔም አልኩ። እሑድ እሑድ ልጆችን የማስተምር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ዴንቨር ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የምይዝ ሴት ነኝና፣ ሌላ ምን ልል ኖሯል? በዚያን ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ልጅ በባቡር ጣቢያ ፍቅረኛዋን እየጠበቀች ነበር።

መጽሐፎቹን የማገኘው ከቅመማ ቅመም ሱቅ ነው። በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር አንድ የመጽሐፍ ጥግ አለ። ባለ ሱቋ ጠባዬን ስለምታውቅ የመረጥኩትን ሳትናገር ከእንጀራው ሥር ታስገባልኛለች። በዚህ የተነሣ ያነበብኳቸው ፍቅሮች ሁሉ የኮረሪማ ሽታ አላቸው።

አደባበቁንስ አትጠይቁኝም? ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኅቶች ኮንፈረንስ ላይ ለሁላችንም ቡናማ፣ ዚፕ ያለው፣ ከላዩ መስቀል የታተመበት የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ ታደለን። ጥቅስ የምናነበው እንኳ አሁን አሁን ከስልክ ነው፤ ቦርሳው ለክብር ያህል ይያዛል። አንድ ቀን ልብ ወለዴን ብከትበት ልክክ አለ፤ የተለካለት ይመስል ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴ ራስጌዬ በክብር ተቀምጧል፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲያ ከኦሮራ ወደ ሥራ በባቡር ስሄድ ቦርሳዬን ከፍቼ አነባለሁ። አንድ ጊዜ፣ ልጅየው ጃንጥላ ሥር ልጅቱን ሊስማት ጎንበስ ባለበት ገጽ ላይ፣ አንድ የማላውቀው ያገሬ ሰው መስቀሉን አይቶ “ተባረኪ እኅቴ” ብሎኝ አለፈ። “አሜን” አልኩ። ምን ልበል?

እንግዲህ ከተጋለጥኩ አይቀር አስተያየቴንም ልስጥ። ለማንም ነግሬው ስለማላውቅ ተጠራቅሟል።

የዘመኑ ልብ ወለዶች ላይ ያለኝ ቅሬታ ከጀግኖቹ ሥራ ይጀምራል። ወንዱ ወይ ጋዜጠኛ ነው፣ ወይ ሠዓሊ፤ ቀኑን ሙሉ ካፌ ተቀምጦ ያዝናል። ቀጠሮ መያዣ ላይ የተቀመጠ ጀግና አንድም አላየሁም። ሴቷ ስታለቅስ አፍንጫዋ አይፈስም። ሲለያዩ ይዘንባል። ከአሜሪካ የመጣው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ቁልፍ እያሽከረከረ የሰው እጮኛ ሊቀማ ይደርሳል። እኔ የምኖረው ከአሜሪካ በሚመጡት ሰዎች መካከል ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሻንጣ ሲመዝኑ፣ ከወዲህ አውጥተው ወደዚያ ሲከቱ ነው የማውቃቸው። የሰው እጮኛ ለመቀማት የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን፣ ደራሲው ሴቷን ምን እንደሚያደርጋት ሲጠፋው ይገድላታል። ይህን ሁሉ አድርጎም መጀመሪያው ገጽ ላይ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” ብሎ ያትማል፤ ተጠያቂው እሱ እንዳይሆን።

ታሪካዊዎቹ በሌላ መንገድ ያደክሙኛል። በእነሱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ታሪክ እንደሚሆኑ ያወቁ ይመስላሉ። ውኃ ስጡኝ ለማለት ንግግር ያደርጋሉ። ፈረሱ አቧራ ያስነሣል፤ አቧራው ግን የማንንም ዓይን አያስለቅስም። ሴቶቹ የጦር ሰው ሸኝተው እልል ይላሉ፣ ከዚያ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከመጽሐፉ ይጠፋሉ። የት እንደሚሄዱ አላውቅም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ለልቅሶው ይመለሳሉ። በቅርቡ ያነበብኩት፣ በመሳፍንቱ ዘመን ላይ የተጻፈ ጡብ የሚያክል ልብ ወለድም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ቦታው ብቻ ልቤን ነካው። ደጃዝማቹ በጦርነቱ ዋዜማ መንጋጋው ታሞ፣ ጉንጩን በነጠላ አስሮ፣ ሠራዊቱ እንዳያየው ድንኳኑ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ያ ሰው እውነተኛ ነው አልኩ። በየቀኑ ስልክ የሚደውሉልኝ እንደሱ ያሉት ናቸው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እማማ አስካለ የሚኖሩት ፒዮሪያ ስትሪት ከልጃቸው ጋር ነው። መኪና ስለማይነዱ ዓርብ ዓርብ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። የእሳቸውም ቦርሳ ያው የኮንፈረንሱ ቡናማ ነው። አንድ በረዷማ ዓርብ ከኅብረት መልስ በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ፣ እንዳያንሸራትታቸው ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ከኋላ ወንበር ቦርሳቸውን አንሥቼም በገዛ እጄ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ ሥራ ሄዶ ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ፣ አንድ ምዕራፍ ላነብ ዚፑን ሳብኩት። ትርሲት የለችም። ትርሲት የዚያን ሰሞን ልብ ወለዴ ባለታሪክ ናት። በእሷ ፈንታ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ መጽሐፍ ቅዱስና ሁለት የሳል ከረሜላ ተቀምጠዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የኔው ሳይዘገይ ደረሰ።

ትልቋ ልጄ ሶስና ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ከእማማ አስካለ ጋር መጽሐፍ ተቀያየርን አልኳት። “ማም፣ ጀስት ኮል ኸር” አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። እዚህ የተወለደ ልጅ ነገር ሁሉ በአንድ ስልክ ያልቃል ብሎ ያምናል። ደውዬ ምን ልላቸው ነው? የያዙት መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፤ እንዳይከፍቱት ልበል? እንዳይከፍቱት የተባለ ነገር ምን እንደሚሆን ከዘፍጥረት ጀምሮ የታወቀ ነው። ልጆች ማስተማሬ ይቀራል አልኩ። ኅብረቱ ፊት ያቆሙኛል፤ ሰው ሁሉ “እኛ እኮ መንፈሳዊ መስላን ነበር” ይላል። በኋላ ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይናቸው አይችለውም ብዬ ተጽናናሁ። እሑድ መንገዱ በረዶ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ሳምንቱን ሙሉ አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም።

ዓርብ ልወስዳቸው ስሄድ ቦርሳው ጭናቸው ላይ ነበር። “ተቀያይሮብን ኖሯል፣ ልጄ” ብለው ሰጡኝ፤ የእሳቸውን ሰጠኋቸው። ስለ መጽሐፉ ሌላ ቃል የለም። ስለ አስፋልቱና ስለ ጉልበታቸው እያወራን ሄድን። ገጹን ምልክት ያደረግኩበት የቀጠሮ ካርድ ካስቀመጥኩበት እንዳልተነቃነቀ ሳይ፣ ጌታን እንደዚያ ቀን አመስግኜው አላውቅም።

ኅብረቱ ላይ ወንድም ተስፋዬ እንደተለመደው የጸሎት ርዕስ ጠየቀ። አንዷ ወገቧን፣ አንዱ የመኖሪያ ወረቀቱን ጉዳይ፣ አንዷ የልጇን ፈተና አስመዘገቡ። እማማ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አንዲት ልጅ አለች” አሉ። “ሐዋሳ ናት። አገባሻለሁ ያላት ሰው ጥሏት ውጭ ሄዷል። ነፍሰ ጡር ናት፤ ለማንም አልተናገረችም። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ይሄን ሰሞን ወደ ሐይቁ መሄድ አብዝታለች። ስሟ ትርሲት ነው።”

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ወንድም ተስፋዬ ዘመድ እንደሆነች ሲጠይቃቸው፣ ዘመድ ባትሆንም ቅርብ ናት አሉ። ከዚያ ተጸለየ። ጸሎት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ሌሊት አረጋውያን ስትጠብቅ ያደረች እኅት በእንቅልፍ እጦት የቀላ ዓይኗን ጨፍና ለትርሲት አለቀሰች። ወገቧን የሚያማት ተንበረከከች። ወንድም ተስፋዬ ሐይቁን ራሱን ገሠጸው። እኔ ከሁሉም መካከል ልጅቱን የማውቃት ብቸኛ ሰው፣ አንዲት ቃል መጸለይ አቃተኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ያቺ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” የምትል የመጀመሪያ ገጽ ናት ጉድ የሠራችኝ ብዬ ደመደምኩ። አምነዋት ነው። ይህን ማስተካከል ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ለማስተካከል ግን መጽሐፉ የእኔ መሆኑን አፌን ሞልቼ መናገር አለብኝ። እሳቸውንም ሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል፤ የጸሎት እናታችን በዓለም ላይ ለሌለች ልጅ አስጸለዩን ሊባል ነው። ምናልባት መጨረሻው ያማረ ከሆነ ነገሩ ሳይነካ ያልፋል ብዬ በማግስቱ ቀሪውን ጨረስኩት። ትርሲት ሞተች። ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው፣ ሐይቁ ውስጥ። ዘነበም።

በሚቀጥለው ዓርብ ወንድም ተስፋዬ የመጀመሪያ ጥያቄው እሷ ሆነች። ያቺ የሐዋሳዋ እኅታችን እንዴት ሆነች አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ እማማ አስካለ ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ “እኅት ምሕረትን ጠይቋት” አሉ። “ልጅቱን ከኔ ይልቅ የምታውቃት እሷ ናት።”

አሁን ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሰው ፊት ስሜን መናገር እንኳ የሚያንቀጠቅጠኝ ሴት ነኝ። እውነቱን ብናገር ሁለታችንም እንዋረዳለን፤ ሞታለች ብል ያቺ በእንቅልፍ እጦት የደከመች እኅት ዳግም ልታለቅስ ነው። ዓይኗን አየሁት።

“ደህና ናት” አልኩ። “ሐይቁን ትታዋለች። ለእናቷ ነገረቻቸው፤ አልተቆጧትም።”

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ከበደኝ።

ፒዮሪያ ደርሰን መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ሞተሩን አላጠፋሁም። እማማ አስካለም በሩን አልከፈቱም። ማሞቂያው ይነፍሳል። ሳላያቸው፣ መሪውን እያየሁ ተናገርኩ። ዋሸሁ አልኳቸው። ትርሲት የምትባል ልጅ የለችም፤ መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ የእኔ ነው፤ አንድ ብቻም አይደለም፤ ቦርሳው ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ከነበረ ዘመን አልፏል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ።

“ልብ ወለድ መሆኑን የማላውቅ መስሎሻል?” አሉኝ።

ማሞቂያውን ቀነስኩት።

“በአጉሊ መነጽር ነው ያነበብኩት፤ መሃሉን ዘልዬ መጨረሻውን አየሁ። መሞቷንም ያወቅኩት ያኔ ነው።”

ያን ጊዜ ዞሬ አየኋቸው። ወደ ፊት፣ ወደ መስተዋቱ እያዩ ነበር የሚናገሩት። ልጅ ሳሉ ፋኖስ ካልደበቁባቸው በቀር አይተኙም ነበር፤ ያገኙትን ልብ ወለድ ሁሉ ያነቡ ነበር። ጌታን ሲያገኙ መጽሐፎቻቸውን በሙሉ ሰብስበው በአንድ ቀን ለጎረቤት ሰጡ። በእጃቸው ላይ የነበረውን ግን አልጨረሱትም።

“ልጅቱ ወንዝ ዳር እንደቆመች ነው የሰጠሁት” አሉ። “ትሻገር፣ ትግባ፣ ትመለስ አላውቅም። ይኸው አረጀሁ፤ እሷ ዛሬም እዚያው ቆማለች። ያንቺዋንም እንዲያው ሐይቅ ዳር ስትቆም ሳይ፣ ይቺስ እንዳትቀርብኝ ብዬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ።”

“ታዲያ መሞቷን እያወቁ ለምን አስጸለዩን?”

“ጌታ ነው የገደላት? ደራሲው አይደል። ደግሞ እንደሷ ያለች በየሰፈሩ ስንት አለች። ጸሎት አድራሻ አይጠፋውም፣ ልጄ።”

ሰው ፊት ጥያቄውን ለምን ወደ እኔ እንዳዞሩት ጠየቅኳቸው። አፌ ከተከፈተ አይቀር ምን እንደምል ለማየት እንደሆነ ነገሩኝ። ሞታለች ብል ኖሮ እሳቸውም የሚሉት አልነበራቸውም።

“አንቺ ግን አዳንሻት” አሉኝ። “ከደራሲው ትሻያለሽ።”

“ውሸቴስ?”

“እሱን ለብቻሽ ንስሐ ግቢበት።”

በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ሲያወጡ፣ ሦስት መቶ ገጽ ሦስት መቶ ውሸት ነው ያሉትን አስታወስኳቸው። ብያለሁ እንዴ አሉ። ብለዋል አልኩ። “እሱም ልክ ነው” ብለው ወረዱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለሁሉም ሰው አይሠራም። በእኛ ጉዳይ የጠራው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ እማማ አስካለ አዲስ የጸሎት ርዕስ አስመዘገቡ፤ የሰው ነፍስ አጥፍቶ ንስሐ ላልገባ አንድ ወንድም። ወንድም ተስፋዬ እስረኞችን መጠየቅ ስለሚወድ የት እንደታሰረ ጠየቃቸው። አልታሰረም አሉ፣ በሐዘን። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የልብ ወለዱን ደራሲ በሕይወቱ ይህን ያህል ሰው አስቦት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ፤ ምናልባት የሚቀጥለው መጽሐፉ ላይ ይታይ ይሆናል።

ቦርሳዎቹ አሁን በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ያለ ብዙ ቃል፣ በኋላ ወንበር ላይ። ባለፈው ያን ታሪካዊውን፣ ጡብ የሚያክለውን ሰጠኋቸው። ዚፑ እምቢ ብሎኝ በጉልበት ነው የዘጋሁት። ሁለት ዓርብ አቆይተው መለሱልኝ። እንዴት አገኙት አልኳቸው።

“ለጸሎት አይመችም” አሉ። “ሰው በዛበት። በአንድ ገጽ ያን ሁሉ ሠራዊት ሲፈጅ፣ የማንን ስም ልጥራ?”

እኔ ስለ አቧራው፣ ስለ ንግግሩ፣ ስለሚጠፉት ሴቶች ስንት ነገር ሳውጠነጥን ከርሜ ነበር። ከእሳቸው ቃል የሚበልጥ አላገኘሁም። አንድ ሰው ግን አላጡም። ዓርብ ዕለት ተራቸው ሲደርስ፣ በመንጋጋው ሕመም እንቅልፍ ላጣና ለሰው መናገር ላፈረ አንድ ወንድም እንድንጸልይ ጠየቁ። ደጃዝማቹ ነው። ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተጸለየ፤ ከልብ ተጸለየ። አሜን ሲባል ወንድም ተስፋዬ ወደ እኔ ዞረ።

“እኅት ምሕረት፣ አንቺ የምትሠሪው ጥርስ ሐኪም ቤት አይደል? ለወንድማችን ቀጠሮ አስይዢለት እንጂ።”

እማማ አስካለን አየኋቸው። ከረሜላቸውን እየላጡ ነበር።

“እሺ” አልኩ። ሰኞ ሥራ ስገባ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትውልድ ዘመኑን ነው።